የኤሌክትሪክ ታይመር ምን ይቆጥራል? ሲጨርስስ በምን ይጮኻል?

ኬክ ምድጃ ውስጥ ያስገባች ሴት፣ የሕክምና ዕቃ የሚቀቅል ነርስ፣ ውኃ ማሞቂያውን ለአንድ ሰዓት ብቻ ያበራ አባወራ፣ ለፈተና የሚያጠና ተማሪ፤ ሁሉም የሚፈልጉት ጊዜው ሲደርስ የሚጠራቸው ነገር ነው። ሥራው ላይ ተመስጠው ሰዓት እያዩ መቀመጥ አይችሉም። ለዚህ ነው ታይመር የሚሞሉት።

ታይመር ቀላል ዕቃ ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው አንድ ቀን ሲዘገይ፣ ቀድሞ ሲጮኽ ወይም ጭራሽ ዝም ሲል ነው። ያኔ አብዛኛው ሰው «ተበላሸ» ብሎ ይጥለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ነው። የተሰጠውን በትክክል እየቆጠረ ነው፤ የሚቆጥረው ነገር እኛ የምናስበው አለመሆኑ ላይ ነው ችግሩ። ስለዚህ ስለማንኛውም ታይመር ሦስት ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ምን ይቆጥራል? መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው? ሲጨርስስ ምን ያደርጋል?

ታይመርና አላርም አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። አላርም የሚጠብቀው አንድን የታወቀ ሰዓት ነው። ታይመር የሚጠብቀው የጊዜ ርዝመት ነው፤ «ከአሁን ጀምሮ 40 ደቂቃ» ትሉታላችሁ፣ ይቆጥራል።

ልዩነቱ ለእኛ ትንሽ ከፍ ያለ ጥቅም አለው። የብዙዎቻችን ስልክ የሚያሳየው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ለመነሳት 6:00 ላይ እንሞላለን። ከዚያ ደግሞ የጠዋቱ ነው የማታው የሚለው አለ። በዚህ መካከል ስንት ቀጠሮ አልፏል። ታይመር ላይ ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ የሥራ ጊዜ ለመያዝ ሲሆን አላርሙን ትታችሁ ታይመሩን ክፈቱ።

ኤሌክትሪኩ ደወሉን የሚያስጮኸው እንዴት ነው?

ነገሩ የጀመረው በኮምፓስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1820 ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ የተባለ የዴንማርክ ሳይንቲስት ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ እንደሚያዞር ደረሰበት። ኤሌክትሪክ ማግኔት መሆን ይችላል ማለት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ እንግሊዛዊው ዊሊያም ስተርጀን በብረት ላይ ሽቦ ጠመጠመና ኤሌክትሪክ ለቀቀበት። ብረቱ ማግኔት ሆነ። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ማግኔትነቱም ጠፋ። እንደፈለጉ የሚያበሩትና የሚያጠፉት ማግኔት ተገኘ።

በ1831 አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በኒው ዮርክ ግዛት፣ አልባኒ ከተማ ውስጥ ከአንድ ማይል በላይ ሽቦ ዘረጋ። በአንዱ ጫፍ ባትሪውን ሲያገናኝ በሌላው ጫፍ ያለው ማግኔት ደወል መታ። የዛሬው የትምህርት ቤት ደወል፣ የበር መጥሪያ፣ የፋብሪካ ጩኸት ሁሉ የዚያ ሙከራ ዝርያ ነው።

የድሮው የበር ደወል እንዲህ ይሠራል። ቁልፉን ስትጫኑ ኤሌክትሪክ በተጠመጠመው ሽቦ ያልፋል። ማግኔቱ ትንሿን መዶሻ ይስባታል፤ መዶሻዋ ደወሉን ትመታለች። ነገር ግን ስትሳብ የኤሌክትሪኩን መንገድ ራሷ ታቋርጣለች። ማግኔቱ ይሞታል፤ ስፕሪንጉ መዶሻዋን ይመልሳታል። ስትመለስ መንገዱ እንደገና ይገናኛል። እንደገና ትሳባለች። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ጆሯችን የሚሰማው አንድ የማያቋርጥ ጩኸት ነው።

ይህን ከሰዓት ጋር ለማገናኘት የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። የሰዓቱ ደቂቃ ቆጣሪ ዞሮ አንድ ቦታ ሲደርስ የሚነካው ቁራጭ ብረት ይቀመጥለታል። ሲነካው ሁለት ሽቦዎች ይገናኛሉ፤ ደወሉ ይጮኻል። በዚህ ዓይነቱ አሠራር ሰዓቱ ደወሉን በጉልበቱ አይመታም። የኤሌክትሪኩን መንገድ ብቻ ይከፍታል። ጉልበቱ የሚመጣው ከባትሪው ወይም ከሶኬቱ ነው።

ትልቁ ለውጥ ያለው እዚህ ላይ ነው። በስፕሪንግ የሚሠራ የድሮ አላርም ሰዓት የሚጮኸው ያለበት ቦታ ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ የሚጮኸው ግን ሰዓቱ ቢሮ ውስጥ፣ ደወሉ ግቢው ማዶ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰዓት የአንድን ፋብሪካ ክፍሎች ሁሉ በአንዴ ሊጠራ ይችላል። ከዚያም አልፎ ማስጮኹ ቀርቶ ሞተር ማስነሳት፣ ፓምፕ ማቆም፣ ምድጃ ማጥፋት ይችላል።

ለዚህ የሚያገለግለው ሪሌይ የሚባለው ዕቃ ነው። ትንሽ ኤሌክትሪክ ማግኔቷን ያስነሳል፤ ማግኔቷ ደግሞ የትልቁን ኤሌክትሪክ ማብሪያ ትስባለች። ታይመራችሁ ሥራውን ሲጨርስ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ የሰማችሁት እሷን ነው።

ውስጡ ሆኖ የሚቆጥረውስ ማን ነው?

ጊዜ በራሱ አይቆጠርም። እየተደጋገመ የሚከሰት ወይም በታወቀ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ያስፈልጋል። ታይመሮች የሚለያዩት ይህን በመምረጣቸው ነው።

በእጅ የሚጠመዘዘው የማድ ቤት ታይመር ስፕሪንጉ ሲፈታ ነው የሚቆጥረው። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ለድንች ቅቅል በቂ ነው፤ ለትክክለኛ ሥራ ግን አይታመንም።

ቀላል የኤሌክትሮኒክስ ታይመሮች ውስጥ ደግሞ ካፓሲተር የምትባል ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ አለች። ከቀጭን ቧንቧ ሥር እንደተቀመጠ ጀሪካን አስቧት። ቧንቧው የቀጠነ ወይም ጀሪካኑ የተለቀ እንደሆነ ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል። የተወሰነ መስመር ላይ ሲደርስ ታይመሩ «በቃ» ይላል። የቧንቧውን ሥራ የሚሠራው ሬዚስተር ነው። በዚህ መንገድ የሚሠራው ዝነኛው ቺፕ 555 ይባላል። የነደፈው ሃንስ ካመንዚንድ ሲሆን ገበያ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ዛሬም ኤሌክትሮኒክስ የሚማር ተማሪ መጀመሪያ ከሚገጣጥማቸው ነገሮች አንዱ ነው። ድክመቱ ግልጽ ነው። የካፓሲተሯ መጠን በሙቀትና በዕድሜ ይለዋወጣል። ዛሬ 10 ደቂቃ የነበረው ከዓመታት በኋላ 11 ሊሆን ይችላል። ለኮሪደር መብራት ምንም አይደለም። ለላቦራቶሪ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ኳርትዝ ነው። በእጅ ሰዓታችሁና በስልካችሁ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ኳርትዝ ማዕድን ነው። ኤሌክትሪክ ሲነካው ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጠውም እንደ ተቆረጠበት ቅርጽና መጠን በታወቀ ፍጥነት ነው። ለሰዓት የሚቆረጠው በሰከንድ 32,768 ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ለሁለት ክፈሉት፤ 16,384። እንደገና ለሁለት፤ 8,192። እንዲህ 15 ጊዜ ስትከፍሉት አንድ ላይ ትደርሳላችሁ፤ በሰከንድ አንድ ምት። ለሁለት መክፈል ደግሞ ለኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ከሁሉም የቀለለ ሥራ ነው።

የመጀመሪያው የኳርትዝ ሰዓት የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1927 አሜሪካ ውስጥ በቤል ላቦራቶሪዎች ነው። በእጅ የሚታሰረው ግን እስከ 1969 ድረስ ገበያ ላይ አልዋለም፤ ያን ያመጣው የጃፓኑ ሴኮ ነው። ዛሬ በርካሽ የሚሸጥ ተራ የኳርትዝ ታይመር በቀን የሚሳሳተው ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። በ30 ደቂቃ ሥራ ላይ ስሕተቱ ከቁጥር አይገባም።

ከሶኬት የሚሠራውስ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሶኬት ላይ የሚሰኩ ብዙ ሰዓቶችና ታይመሮች የራሳቸው ቆጣሪ የላቸውም። የሚቆጥሩት ከግድግዳው የሚመጣውን ኤሌክትሪክ ነው።

የቤታችን ኤሌክትሪክ እንደ ባትሪ በአንድ አቅጣጫ አይፈስም። ይመላለሳል። በኢትዮጵያ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህ 50 ኸርዝ ይባላል። በአሜሪካ 60 ነው። ሰዓት ሠሪዎች ይህን ምልልስ እንደ ነጻ ፔንዱለም (በእኩል ጊዜ ወዲያና ወዲህ እንደሚወዛወዝ የሰዓት ተንጠልጣይ) ተጠቀሙበት። 50 ምልልስ ሲያልፍ አንድ ሰከንድ ቁጠር ብለው ሠሩት።

ሐሳቡን ሥራ ላይ ያዋለው አሜሪካዊው ሄንሪ ዋረን ነው። በእሱ ጊዜ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ፍጥነት ወጣ ገባ ይል ስለነበር ሰዓት ሊቆጠርበት አይችልም ነበር። ዋረን እ.ኤ.አ. በ1916 ቦስተን ከተማ ባለ ማመንጫ ውስጥ አንድ ሰዓት ተከለ። ሰዓቱ በአንድ ፊት ላይ ሁለት እጆች አሉት። አንደኛው በትክክለኛ ፔንዱለም ይዞራል፤ ሁለተኛው ማመንጫው በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ። የሠራተኛው ሥራ ሁለቱ እጆች እንዳይለያዩ ማሽኑን ማፍጠንና ማዘግየት ነበር። ያን ጊዜ የከተማው የኤሌክትሪክ ሰዓቶች ሁሉ አብረው ትክክል ሆኑ። እኔ በጣም የምወደው ብልሃት ነው። የእያንዳንዱን ቤት ሰዓት ከማስተካከል ማመንጫውን ራሱን ሰዓት አደረገው።

የዚህ ብልሃት ሌላኛው ፊት የታየው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በሰርቢያና በኮሶቮ መካከል በነበረ አለመግባባት ወደ መስመሩ መግባት የነበረበት ኤሌክትሪክ ሳይገባ ቀረ። የአውሮፓ አገሮች መስመር የተያያዘ ስለሆነ የምልልሱ ፍጥነት በሁሉም ዘንድ ወረደ። የወረደው በጣም ጥቂት ነው፤ ከ50 ወደ 49.996 ገደማ። ነገር ግን ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ማርች መጀመሪያ ሲጠራቀም በ25 አገሮች ውስጥ ከሶኬት የሚቆጥሩ ሰዓቶች ወደ ስድስት ደቂቃ የሚጠጋ ወደኋላ ቀሩ። የምድጃ ሰዓቶች፣ የአልጋ አጠገብ አላርሞች። ሰው ሥራ አረፈደ። አንዳቸውም ግን አልተበላሹም ነበር።

ከአሜሪካ የመጣልኝ ሰዓት ለምን ይዘገያል?

አሁን መልሱን ራሳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። የአሜሪካው ሰዓት አንድ ሰከንድ የሚለው 60 ምልልስ ሲቆጥር ነው። እዚህ በሰከንድ የሚያገኘው 50 ብቻ ነው። ስለዚህ እውነተኛ አንድ ሰዓት ሲያልፍ እሱ የሚያሳየው 50 ደቂቃ ነው። 30 ደቂቃ የሞላችሁት የምድጃ ታይመር የሚጮኸው በ36 ደቂቃ ነው። ኬኩ ያርራል።

«እኔ እኮ ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቻለሁ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ይቀንሳል፤ የምልልሱን ፍጥነት ግን አይነካም። 50 የገባው 50 ሆኖ ይወጣል።

ወደ ዓረብ አገር ስንሄድ ነገሩ ይበልጥ ያሳስታል። ሳዑዲ ዓረቢያ 60 ኸርዝ ነው። ዱባይ 50። እስራኤልም 50። ከሪያድ የመጣ ሰዓት በእኛ ቮልት ያለ ምንም ትራንስፎርመር ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ ማንም አይጠረጥረውም። ግን የሚቆጥረው ከሶኬት ከሆነ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ይጎድላል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የተወሰደ ደግሞ በተቃራኒው ይቸኩላል፤ 30 ደቂቃ ያላችሁትን በ25 ይጨርሰዋል።

ከመግዛታችሁ ወይም ከመላካችሁ በፊት ከኋላው ያለውን ጽሑፍ እዩ። 50/60 የሚል ካለ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ይሠራል። አንዳንዱ ላይ ከታች ትንሽ ማዞሪያ አለችው፤ ወደ 50 መግፋት ነው። 60 ብቻ የሚል ከሆነ ለጊዜ ቆጠራ አትመኑት። በባትሪ የሚሠራ ኳርትዝ ግን የትም ቢሄድ ያው ነው።

ጄኔሬተርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። የተለመደው ትንሽ ጄኔሬተር 50 ኸርዝ የሚሰጠው ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ነው። ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ዝግ ይላል፤ ከሶኬት የሚቆጥረው ሰዓትም አብሮ ዝግ ይላል።

መብራት ሲሄድስ?

ይህ ለእኛ ከሁሉም የሚያስፈልግ ጥያቄ ነው። መልሱ እንደ ዕቃው ይለያያል።

አንዳንዱ ሁሉንም ይረሳል። መብራት ሲመጣ 12:00 እያለ ብልጭ ድርግም ይላል። ቢያንስ መርሳቱን ይናገራል።

ሶኬት ላይ የሚሰካው፣ ዙሪያውን ትንንሽ ጥርሶች ያሉት ክብ ታይመር ግን አይናገርም። የ24 ሰዓቱ ክብ ብዙ ጊዜ 96 ጥርሶች አሉት፤ አንዱ 15 ደቂቃ ነው። ውስጡ ያለው ትንሽ ሞተር መብራት ሲሄድ ይቆማል። ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት ለሦስት ሰዓት ከጠፋ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እንዲበራ የሞላችሁት ውኃ ማሞቂያ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ይበራል። በማግስቱም እንዲሁ። ሰው እስኪያስተካክለው ድረስ የዘገየው እንደዘገየ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህን ዓይነት ታይመር አልመክርም።

የቁጥር መስኮት ያላቸው ብዙዎቹ በውስጣቸው ትንሽ ባትሪ አለ። መብራት ቢሄድም መቁጠሩን ይቀጥላሉ። እነዚህ ይሻላሉ። ባትሪዋ ግን ከጊዜ በኋላ ታረጃለችና አልፎ አልፎ ንቀሉትና ከሁለት ሰዓት በኋላ ሰዓቱ መትረፉን እዩ።

መቁጠር የሚጀምረው መቼ ነው?

ይህ ጥያቄ በሆስፒታል የሕይወት ጉዳይ ነው። የቀዶ ሕክምና ዕቃዎች በእንፋሎት ከጀርም የሚጸዱበት ኦቶክሌቭ የሚባል ማሽን አለ። ከተለመዱት መመዘኛዎች አንዱ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ 15 ደቂቃ ነው። ሌላው በ134 ዲግሪ 3 ደቂቃ።

ማሽኑ ሲበራ ወዲያው ታይመር ቢሞላስ? ከ15 ደቂቃው አብዛኛው ውኃው በመሞቅ ያልቃል። ዕቃው ንጹሕ ሳይሆን ደወሉ ይጮኻል። ስለዚህ ዘመናዊው ማሽን ውስጥ ታይመሩን የሚያስጀምረው የሰው ጣት አይደለም። ሙቀት መለኪያው ነው። 121 ሲደርስ ለታይመሩ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል፤ ቆጠራው ያኔ ይጀምራል። ሙቀቱ በመሃል ከወረደ ቆጠራው ዋጋ የለውም፤ ማሽኑም ዑደቱን እንዳልተሳካ ይመዘግባል። ማሽኑ እንዲህ ካላደረገ ሙቀቱን አይቶ ቆጠራውን ማስጀመር የባለሙያው ኃላፊነት ነው።

ማድ ቤትም ያው ነው። የአሠራር መመሪያ «35 ደቂቃ ይጋገር» ሲል ምድጃው አስቀድሞ ግሏል ብሎ ነው። ባልጋለ ምድጃ ታይመር የሞላ ሰው ታይመሩን ሊወቅስ አይገባም።

ታዲያ ስልኬ አይበቃኝም?

ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ግን አብሮት የመጣውን የሰዓት መተግበሪያ ተጠቀሙ። አንድሮይድ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ስክሪናቸው የጠፋ ጊዜ ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ያዘገያሉ። ከስልኩ ጋር የመጣው ሰዓት ከዚህ ነጻ ነው። ከሌላ ቦታ የወረደ ታይመር ግን በአግባቡ ካልተሠራ ዘግይቶ ሊጮኽ ይችላል። የአላርም ድምፅ መጠን ከሙዚቃው የተለየ መሆኑንም አትርሱ። ሙዚቃው ይሰማል ማለት አላርሙ ይሰማል ማለት አይደለም።

ለጥናትና ለቢሮ ሥራ የሚወራው የ25 ደቂቃ ዘዴም በዚህ ይሠራል። ጣሊያናዊው ፍራንቸስኮ ቺሪሎ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ተማሪ ሳለ በቲማቲም ቅርጽ በተሠራ የማድ ቤት ታይመር ጀመረው። 25 ደቂቃ ሥራ፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ለዚህ ሥራ ግን ከስልክ ይልቅ ለብቻው የተሠራ ትንሽ ታይመር የተሻለ ነው ባይ ነኝ። ታይመሩን ለማየት ስልኩን ያነሳ ሰው መልእክቱንም ማየቱ አይቀርም።

ምጣዱን በታይመር ባጠፋውስ?

እዚህ ላይ እባካችሁ ተጠንቀቁ። የሚጮኽ ታይመርና ኤሌክትሪክ የሚቆርጥ ታይመር የተለያዩ ናቸው። የሚቆርጠው ታይመር ውስጥ ኤሌክትሪኩ ሁሉ የሚያልፍበት ትንሽ የብረት መነካኪያ አለ። ሶኬት ላይ ለሚሰኩት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ትልቁ መጠን 16 አምፔር ነው። ከዚያ ያነሰም አለ።

16 አምፔርን በ220 ቮልት ስታባዙት 3,520 ዋት ነው። የእንጀራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። ምጣዱ ብቻውን ታይመሩን ጣሪያው ላይ ያደርሰዋል፤ ወይም ያሳልፈዋል። መነካኪያው ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ከዚህ የከፋው ደግሞ አለ። መነካኪያው በተላቀቀ ቁጥር ብልጭታ ይፈጥራል። በብልጭታው ብዛት ሁለቱ ብረቶች ሊጣበቁ ይችላሉ። ያኔ ታይመሩ «ጠፍቷል» ይላል፤ ምጣዱ ግን በርቷል።

ፍሪጅና የውኃ ፓምፕም ሲነሱ ለአፍታ ከተጻፈባቸው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስቡ ተራ ታይመር ይጎዳሉ።

ትልቅ ዕቃ በታይመር ማብራትና ማጥፋት የግድ ከሆነ መንገድ አለው። ታይመሩ ኮንታክተር የሚባለውን ትልቅ ሪሌይ ብቻ ያዝዛል፤ ከባዱን ኤሌክትሪክ የሚሸከመው ኮንታክተሩ ነው። ይህን ሽቦ የሚያውቅ ባለሙያ ይግጠመው፤ ለብቻው ብሬከርም ይኑረው። ለቤት ምጣድ ግን በኳርትዝ የምትቆጥር፣ በባትሪ የምትጮኽ ርካሽ ታይመር በቂ ናት። እሷ ትጥራችሁ፤ ምጣዱን በእጃችሁ አጥፉት።